የደም ባለጉዳዮች፣ ጎጃሞች

ቢቸና፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰብለ ወንጌል ኃይለ ሚካኤል
ሙኒክ

የኔ ዓለም፣

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ። «እኔ ደህና ነኝ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ለመጨረሻ አቆይቻታለሁ፤ ከዚያ በፊት የማስረዳው ነገር አለ። ስልኩ ከጠፋ ስለሰነበተ አባትሽ እንደ ድሮው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። ፊደሌ ወዲያና ወዲህ ቢረግጥ በእርጅናዬ አትፍረጂ። ግራ እጄ ከሌላ ሰው ቀኝ እጅ ጋር በሰንሰለት ታስሯል፤ ሰውየው ባሳለ ቁጥር ወረቀቱም ያስላል። ሰውየው ስጦታው ነው። ታስታውሺው ይሆናል፣ ሰባተኛ ክፍል ካንቺ ኋላ ይቀመጥ የነበረው፣ ኋላ ባጃጅ ነጂ የሆነው። ተማሪዬ በነበረ ጊዜ በንባብ ጎበዝ ነበር። አሁንም ጎበዝ ነው፤ ይህን በትከሻዬ ላይ እያነበበው ነው።

ነገሩ የጀመረው ከላክሽልኝ ፎቶግራፎች ነው፤ ያ ፈረንጅ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት በመስተዋት ላይ አንስቷቸው፣ ዛሬ አንቺ እዚያ በሥራሽ ከምትጠብቂያቸው። በአንቺ ግን አይፈረድም፤ ፎቶግራፍ ሰው አይገድልም። ለዚያ ሥራ እኛ አለን።

ጥር ላይ ኢንተርኔቱ ብቅ ብሎ በጠፋ ጊዜ የላክሻቸውን ሁሉ በፍላሽ ይዤ ሞጣ ወረድኩ። እዚያ ሙሐመድጣሂር የሚባል ፎቶ አንሺ አለ፤ ትልቅ ወረቀት ላይ የሚያትም ማሽን ያለው እሱ ብቻ ነው። ያንን የድሮ አዲስ አበባ በኮምፒውተሩ ላይ ሲያይ ደንበኞቹን ረሳ። «መምህር፣ ይኼ ሰውዬ በዚያ በሚከብድ ካሜራ እንዲህ አጥርቶ አንስቶ፣ እኔ የመታወቂያ ፎቶ ሲደበዝዝብኝ ምን ይባላል?» አለኝ። «በዚያ ዘመን ሰው አይንቀሳቀስም ነበር» አልኩት። «እሱስ ልክ ነው፤ የኛ ሰው አርፎ አይቀመጥም» አለ። ያን ጊዜ ሁለታችንም እየቀለድን ነበር።

በከተማችን የንባብ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው። ሕዝቡ እንዴት እንደወደዳቸው ብታዪ! ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች፣ ድንኳኑና የሣር ቤቱ የተደባለቀበትን ኮረብታ፣ አራዳ ገበያ ላይ አሞሌውን ደርድሮ የተቀመጠውን ጨው ሻጭ፣ ከፊቱ የተኛውን ውሻ። ጭቃ የሚያቦኩት ሰዎች አጠገብ ጥላ ይዞ የቆመውን አለቃ አይቶ አንዱ ገበሬ «ይኼን ሰው ባለፈው ወረዳው ቢሮ አግኝቼዋለሁ» አለ። ከተማ ሲወለድ እንዲህ ነው ብዬ አስረዳሁ፤ አብዛኛው ጭቃ ነው፣ የቀረው ጉዳይ ፈጻሚ ነው።

መጨረሻ የሰቀልኩት ሁለቱን ሰዎች ነው። በአንድ ሰንሰለት ታስረው ጎን ለጎን የቆሙትን፣ አንዱ ቀና ብሎ ካሜራውን የሚያየውን፣ ሌላው መሬት መሬት የሚያየውን። አንቺ ከመስተዋቱ ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ተርጉመሽ «የደም ባለጉዳዮች፣ ጎጃሞች» ብለሽ ልከሽልኛል፤ እኔም እንዳለ ጽፌ ከሥሩ ለጠፍኩት። ፈረንጁ ሌላ ነገር አልጻፈም። ስማቸውን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረው ይሆናል።

ጎጃም ሰፊ ነው። ግን ቢቸና ሲደርስ ጠበበ።

የኛ ቤትና የእነ ስጦታው ቤት በአያቴ አባት ዘመን በድንበር ተጣልተው የሰው ሕይወት መጥፋቱን ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ ከሳሽ ተከሳሹ እንዳያመልጠው ከራሱ ጋር በሰንሰለት ይቆራኘው ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። የሁለቱ ቤት ሰዎች እንዲያ ተቆራኝተው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ አዲሱ ከተማ ድረስ ለንጉሥ ችሎት ሄደዋል። ፍርዱ ምን እንደነበር የሚያውቅ የለም። ኋላ ቤተሰቦቹ ሲታረቁ ሽማግሎቹ አንድ ነገር አስገዘቱ፦ ገዳዩ ከየትኛው ቤት እንደነበረ ማንም በአፉ እንዳያነሣ። ዝም ተባለ። ዝም እንደተባለ የሚያውቁት ሞቱ፣ መልሱም አብሯቸው ተቀበረ። አንዳችን ካንዳችን ተጋባን፣ ክርስትና ተነሣሣን፣ ኖርን። ከዚያ እኔ የተማርኩት ሰውዬ ሥዕሉን በሚስማር ሰቀልኩት።

መጀመሪያ ያወቃቸው ወልደ ኪዳን ነው፣ የስጦታው ታላቅ ወንድም፣ ጤፍ ነጋዴው። ወደ ሥዕሉ ቀርቦ፣ ወደ ወንድምሽ ወደ ገብረ ክርስቶስ ዞሮ፣ እንደገና ወደ ሥዕሉ አየ። «ይኼ ጆሮማ የእናንተ ነው» አለ፣ አንገቱን ወደ ደፋው እያመለከተ። እውነቱን ለመናገር ጆሮው የኛ ነው፤ ምን ይደረጋል። ሕዝቡ ሳቀ። ገብረ ክርስቶስም ስቆ «ቀና ያለው ደግሞ እናንተ ናችሁ፣ ያው አሁንም የሰው ኪስ ታያላችሁ» አለው። ወልደ ኪዳንም ሳቀ። ያንን ሳቅ ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ወገን ገዳይ መሆን ፈለገ፤ ወንድነቱ እዚያ ነው ብለው። ማታውኑ ግን ገዳይ የሆነ ቤት ደም እንደሚፈለግበት አንዱ አስታወሳቸው መሰለኝ፣ በማግስቱ ሁለቱም ከሳሽ ሆነው መጡ። ወልደ ኪዳን አንገቱን ከደፋው ሥር በከሰል «ገዳይ» ብሎ ጻፈ። ገብረ ክርስቶስ አጥፍቶ ከሌላው ሥር ጻፈው። ያኛው መልሶ አጠፋ። እኔ በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ ግድግዳውን እያበስኩ «እባካችሁ፣ ቢያንስ እጃችሁን ታጠቡ፣ ሌሎቹን ሥዕሎች ታቆሽሻላችሁ» እል ነበር። ይገርምሻል፣ ያሳሰበኝ ቆሻሻው ነበር።

የቅዳሜ ገበያ ዕለት ሁለቱ ከሰል እንደያዙ ግድግዳው ሥር ተገናኙ። ወልደ ኪዳን በዱላ መታው፤ የወንድምሽ የትከሻ አጥንት ሲሰበር እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ደረቅ እንጨት ይመስላል። ገብረ ክርስቶስ ወደቀ። ወድቆ ሳለ ሽጉጡን አወጣ። ሽጉጥ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ዛሬ ማን ምን እንዳለው የሚያውቅ የለም። ጥይቱ በወልደ ኪዳን ጉሮሮ ገብቶ በማጅራቱ ወጣና እንጨት ተሸካሚዎቹን ሴቶች አገኛቸው፤ የፊተኛዋን ትከሻ በሳ። መቶ ሠላሳ ዓመት ሸክሟን ሳታወርድ የቆየች ሴት ናት። አሁንም አላወረደችም።

ወልደ ኪዳን አልጮኸም። ከሰሉን እንደያዘ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፣ የሚጽፈው የቀረው ይመስል በጣቱ ግድግዳውን ዳሰሰ። ደሙ ከጉሮሮው በሚተነፍስ ድምፅ ይወጣ ነበር። በጋቢዬ ልይዘው ሞከርኩ። ጋቢ ለዚያ አይሆንም።

ወንድምሽ በኋላው መስኮት ወጥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ። የት እንዳለ አላውቅም። ስጦታው ይህን ደግሞ አነበበውና ፊቴን አየ። አላውቅም ስጦታው፣ እመነኝ።

ቤታችን ተቃጥሏል። ይህን ከሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ልሸሽገው አስቤ ነበር፣ ግን አልሸሸግ አለኝ። የእናትሽ ሣጥን፣ መጻሕፍቶቼ፣ አንቺ የተወለድሽበት አልጋ፣ ሁሉም። እናትሽ ቀድማ ማረፏን እንደ ዕድል የቆጠርኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው። የላሟን ቋንጃ ቆረጡ፤ ላሟ በክርክሩ ላይ ምንም አቋም አልነበራትም። እኔን ከሚነደው ቤት በእግሬ ጎትተው እስከ ጊዮርጊስ በር አደረሱኝ። በመንገድ ላይ ከደበደቡኝ ግማሾቹን አስተምሬአቸዋለሁ፤ አንዱ «ይቅርታ መምህር» እያለ ነበር የሚመታኝ። የፊት ጥርሶቼ እዚያ ቀርተዋል፤ ስለዚህ አሁን ስናገር ግዕዝ የሚቀኝ ሕፃን እመስላለሁ።

ከጊዮርጊስ በር ሽማግሎቹ ቆመው ጠበቁን። ባይቆሙ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍልሽ፣ እሱም አጭር ይሆን ነበር።

«ዳኛ የለም፣ ፍርድ ቤቱ ተዘግቷል» አለ አንዱ። «ገዳዩም የለም። ያለው አባቱ ነው።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አለች ባንቺዓለም፣ የስጦታውና የወልደ ኪዳን እናት። የልጇ ደም እስከ ክርኗ ድረስ ነበረባት። «ልጄን ስገንዝ ደም ያለቅሳል። ይኼን ሰው ስጡኝ!»

የደብሩ አለቃ ሥዕሎቹን መጥተው አይተው ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ። «እንደ ሥዕሉ ይሁን» አሉ።

ከዚያ አለቃው ወደኔ ዞረው «ለመሆኑ መምህር፣ ይኼ ቁራኛ የሚሉት እንዴት ነበር የሚታሰረው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም መሬት ላይ ተዘርግቼ፣ ደሜን እየተፋሁ፣ አስረዳሁ። የማን ቀኝ ከማን ግራ እንደሚታሰር፣ ዋስ ማለት ምን እንደሆነ፣ ቁልፉ ከሦስተኛ ወገን እጅ መቆየት እንዳለበት። ይህን ያህል ዘመን ታሪክ ሳስተምር እንዲህ በጥሞና የሰማኝ ክፍል አልነበረም።

ሰንሰለቱን ከወልደ ኪዳን ሞተር ብስክሌት ፈቱ። ሁለት የቻይና ቁልፍ ተገኘ፤ መክፈቻዎቹ ከአለቃው ዘንድ ናቸው። ቃሉ ይህ ነው፦ ገብረ ክርስቶስ እስከ ግንቦት ልደታ እጁን ከሰጠ እኔ እፈታለሁ። ካልመጣ ዋሱ ለደሙ ባለቤት ለስጦታው ይሰጣል፤ ደሙ በኔ ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወንድምሽን ማንም አይፈልገውም፣ በረሃ ቢሆን ከተማ ቢሆን። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ያስገባኋት እኔ ነኝ። ባንቺዓለም እንኳ ሳትቀር በጊዮርጊስ ስም ማለች።

እንግዲህ አሁን የምንኖረው እዚያው ንባብ ቤት ነው፣ ከሥዕሎቹ ጋር። ሁለት ሰው በአንድ ሰንሰለት መኖር በመጽሐፍ እንደሚነበበው አይደለም። ስጦታው ሲበላ ግራ እጄ እስከ አፉ ይሸኘዋል። እኔ ሌሊት ስገላበጥ እሱም ይገላበጣል። ሽንት ቤት ስለሚባለው ነገር ለልጄ አልጽፍም። መጀመሪያ ሰሞን አያናግረኝም ነበር፤ ለመዞር ሲፈልግ ዝም ብሎ ይጎትተኛል፣ የእጄ ቆዳ ተልጦ ከሰንሰለቱ ጋር ተጣበቀ። አንድ ጠዋት ሲጎትተኝ ወደቅሁ። አነሣኝና «ለመዞር ስፈልግ እነግርዎታለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይነግረኛል።

ባንቺዓለም በየቀኑ ትመጣለች። ከበሩ ላይ ቆማ «አልገደልኸውም?» ትለዋለች ልጇን። «ገና ነው እማዬ» ይላታል። አንዳንድ ቀን ድንጋይ ትወረውራለች፤ ዒላማዋ ጥሩ ስላልሆነ እኩል እንካፈላለን። ከትንሣኤ በኋላ ግን ማጭድ ይዛ ገባች። ምሳ እየበላን ነበር። ምንም ሳትናገር ወደ አንገቴ ሰነዘረችው። ስጦታው የታሰረውን እጁን አነሣ፤ የኔም እጅ አብሮ ተነሣ፤ ማጭዱ ከሰንሰለቱ ላይ አርፎ እየተንሸራተተ የስጦታውን ትንሿን ጣት ይዟት ሄደ። ጣቲቱ ከሽሮው ውስጥ ወደቀች። ሦስታችንም አየናት።

«እማዬ፣ ምለሻል!» አለ ስጦታው። እጁ እንደ ቧንቧ ይፈስ ነበር።

እናቱ መሬት ላይ ተቀምጣ «ልጄን፣ ልጄን» እያለች ነጠላዋን ቀድዳ እጁን አሰረችለት። ስታስር የኔንም እጅ አብራ አሰረች፤ መለየት አልቻለችም ወይም አልፈለገችም። ከዚያ ማጭዷን አንሥታ ሄደች። ሽሮውን አልጨረስነውም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከጉንደ ወይን መንገድ በኩል ተኩስ ተከፈተ። ማን በማን ላይ እንደተኮሰ አትጠይቂኝ፤ የሚተኩሱትም ቢጠየቁ በቅጡ የሚመልሱ አይመስለኝም። እኛ ውኃ ልንቀዳ ወጥተን ነበር። እሱ ወደ ግራ ሮጠ፣ እኔ ወደ ቀኝ። ሰንሰለቱ ሁለታችንንም መልሶ መሬት ላይ ጣለን፤ ጥይቶቹ ጭንቅላታችን ይሆን በነበረበት በኩል አለፉ። አንዲት አህያ ከኋላችን ሆዷ ተቀዶ አንጀቷን እየረገጠች ሮጠች። ጭቃው ውስጥ ተኝተን ሳለ ስጦታው መሳቅ ጀመረ። እየሳቀ አለቀሰ። እኔ ጥርስ ስለሌለኝ ሳቄና ለቅሶዬ አይለይም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሥዕሎቹን ማየት ጀምሯል። ትናንት ሁለቱ ሰዎች ፊት ለረጅም ጊዜ አቆመኝ።

«መምህር፣ ተከሳሹ ሲገደል ከሳሹ ያን ሁሉ አገር ብቻውን ነው የተመለሰው?»

«ብቻውን ይሆናል።»

«እጁ ባዶ ሆኖበት ሳይቸገር አይቀርም» አለ፣ ጣት የጎደለው እጁን እያየ።

ሙሐመድጣሂር ለለቅሶ ከሞጣ መጥቷል። በእግርም በአህያም ነው የመጣው። የራሱ ሱቅ አንድ ጊዜ ተቃጥሎበት ስለሚያውቅ «እግዜር ያጽናዎት» ከማለት ሌላ አልጨመረም። ሚስቱ ኸይራት ለኔ ሸሚዝ፣ ለስጦታው የቁስል መድኃኒት ልካለች። ሸሚዙን እንዴት እንደምለብስ ማናችንም አላሰብንበትም፤ አንዱ እጅጌ አሁን በሰንሰለቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «ከመሄዴ በፊት» ብሎ ሁለታችንን ከዚያ ሥዕል አጠገብ አቁሞ ፎቶግራፍ አነሣን። «ቀና ይበሉ መምህር» አለኝ። «አንተም ስጦታው፣ መሬቱ ላይ ምን አለህ?» እዚህ ላይ ስጦታው ቀና አለ፣ እኔ አጎነበስኩ። ከዚያ ደግሞ ተለዋወጥን። ሙሐመድጣሂር ተበሳጭቶ «ኧረ አርፋችሁ ቁሙ!» አለ። አልቻልንም።

ደብዳቤውን የሚወስደው እሱ ነው። ሞጣ ያደርሳል፣ መንገዱ ሲከፈት ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው ይሰጣል፣ ከዚያ ፖስታ ቤት ካለ በፖስታ።

አሁን ስጦታው የሚያጽፈኝ ነገር አለ። «ይጻፉ መምህር» ይላል። እጽፋለሁ፦ ወንድምሽ ገብረ ክርስቶስ ምናልባት ከሆነ አገር ይደውልልሽ ይሆናል፤ ከደወለ ከግንቦት ልደታ በፊት እንዲመጣ ንገሪው። ይኸው፣ ተጽፏል።

«ያስምሩበት» አለኝ። አሰመርኩበት።

«ሙኒክ ለመድረስ ምን ያህል ይፈጅበታል?» ሲል ጠየቀኝ።

«መንገዱ ዛሬ ቢከፈት፣ ከወር በላይ» አልኩት።

ልደታ የፊታችን ሳምንት ነው። እሱም ቀን መቁጠር ያውቃል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰንሰለቱን አየ። ከዚያ «ለማንኛውም ደግመው ያስምሩበት» አለኝ። ደግሜ አሰመርኩበት፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው። አሁን ስጦታው እስከ ሰንሰለቱ ጫፍ ድረስ ተዘርግቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። «እኔ እንጨት ተሸካሚዎቹን ልመለከት ነው፤ እርስዎ የሚጽፉት ካለ ይጻፉ» ይላል።

የምጽፈውን ታውቂዋለሽ፤ ስለዚህ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።



ይበቃል። ወደኔ ዞሯል።

ወደዚህ አትምጪ። ለቅሶ ቁጭ የሚልልኝ ሞልቷል፤ ከተማው እንደሆነ ልምድ አለው። ደግሞ ሥራሽን አትጥዪው። እነዚያን መስተዋቶች ከሰው እጅ ይልቅ አንቺ ብትይዣቸው ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ቀርቼ ነበር። «አባዬ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች እዚያ ቆመው ምን እየተባባሉ ይሆን?» ብለሽ ነበር። ያን ጊዜ ሰነድ የለም ብዬ ተውኩት። አሁን አውቄዋለሁ። ስለ ደም አይደለም፤ ስለ ደም የሚያወሩት ሌሎች ናቸው። አንደኛው «ወደዚህ ልዞር ነው» ይላል። ሌላው «እሺ» ይላል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ «ብርድ ነው፣ ጋቢዎን ወደ ላይ ይሳቡት» ይላል።

የኛን ፎቶግራፍ ሙሐመድጣሂር ሞጣ ሲደርስ አትሞ ከዚህ ጋር ይልክልሻል። አንድ ቀን አንዱ ግድግዳ ላይ ይሰቅለው ይሆናል፤ ከሥሩ የሚጻፈውን ከአሁኑ አንቺ ጻፊው። ገዳይ ወገን፣ ከሳሽ ወገን እንዳትዪ። ከልደታ በኋላ የሆነውንም ብትሰሚ እንዳትጨምሪው። ከግራ ወደ ቀኝ፦ ኃይለ ሚካኤል፣ ስጦታው። መምህርና ተማሪ። ቢቸና።

የነካሽው መስተዋት አይሰበርብሽ። የሄድሽበት መንገድ ተኩስ አይሰማበት። የእናትሽ አምላክ ከፊትም ከኋላም ይሁንሽ፣ ወንድምሽንም ባለበት ያቆይልሽ።

እኔ ደህና ነኝ።

አባትሽ
ኃይለ ሚካኤል